ቀብድ የበላብን ቤትና ቁልፍ የሰጠን ቤት

እህቴና ባሏ 21 ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት አዲስ ቤት ለመግዛት ፈረሙ። የመጀመሪያው 15,000 ዶላር በልቶ ቀረ። ሁለተኛው ውስጥ አሁን ይኖራሉ። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ሳሎናቸው ተቀምጬ ነው።

ሁለቱም ቤቶች ቨርጂኒያ፣ ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ውስጥ፣ ዉድብሪጅ አካባቢ ናቸው። በመኪና 10 ደቂቃ አይራራቁም። ሁለቱም ባለ ሦስት ፎቅ ታውን ሃውስ፣ ጋራዡ ከሥር፣ ኩሽናው መሀል ላይ፣ መኝታ ቤቶቹ ከላይ። አንዱ 560,000 ዶላር ነበር፤ ሌላው 565,000። በቤትነታቸው ይህን ያህል አይለያዩም። የተለያየው የተፈረመበት ጊዜ ነው። እነሱም ጻፈው ብለውኛል፣ ስማችንን ግን እንዳትጠራ ብለዋል። እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን መጥፎ ምክር የሰጠሁት እኔው ነኝ።

እህቴን እትዬ ነው የምላት፣ ባሏን ጋሼ። እትዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ደሞዟ በየሁለት ሳምንቱ ቁጥሩ ሳይዛነፍ ይገባል። ጋሼ ኡበርና የኤርፖርት ሊሞ ይነዳል። እሱ ዘንድ አንዱ ሳምንት ሞልቶ ይፈሳል፣ ሌላው ባዶ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተው ወንዱም ሴቷም ልጅ አንድ ክፍል ይተኙ ነበር። ልጅቷ 11 ዓመት ሲሞላት እትዬ «በቃ» አለች። ቤት ፍለጋው የተጀመረው በዚህች አንዲት ቃል ነው።

ጊዜው የ2022 መጀመሪያ ነበር። ፍሬዲ ማክ የሚባለው የቤት ብድር ተቋም የ30 ዓመት ሞርጌጅ አማካይ ወለድ ምን እንደደረሰ በየሳምንቱ ሐሙስ ያወጣል። ጋሼ ይህን ከአንድ ተሳፋሪ ሰማና ሐሙስ ሐሙስ ማየት ልማዱ ሆነ። በጃንዋሪ 2021 ወለዱ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ በታች ተመዝግቦ አያውቅም። በማርች 17፣ 2022 ግን 4.16 ገባ። ስካይላይን አካባቢ ካፌ የሚገናኙ ጓደኞቹ አንድ ዘፈን ነበራቸው፦ «ሬቱ ሳያመልጥህ ግዛ»። ሬት የሚሉት ወለዱን ነው። በማግስቱ ሳይሆን በማግስቱ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ሄደው ፈረሙ።

እኔም አብሬ ነበርኩ። ሞዴል ቤት የሚባለውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ገና በሩን ስትከፍቱ ሻማው ይሸታል፣ ሶፋው ሰው ተቀምጦበት አያውቅም፣ የልጅ ክፍል ግድግዳ ላይ የማንም ያልሆነ ልጅ ስም ተጽፏል። እትዬ ኩሽናው መሀል ያለውን ሰፊ ጠረጴዛ በመዳፏ ከዳር እስከ ዳር አበሰችው፤ ከዚያ ወዲያ እሷን መመለስ አልተቻለም። ሽያጭ ክፍል ያለችው ሴትዮ ታብሌት ሰጠችን፣ ስማችንን አስገባን፣ «ኤጀንት አላችሁ?» (ደላላ ማለቷ ነው) ስትል «የለንም» አልን። ያ የመጀመሪያው ስህተት ነበር። አብዛኛው ቢልደር፣ ማለትም ቤት ሠሪ ኩባንያ፣ ለገዢ ኤጀንት የሚከፍለው ኤጀንቱ በመጀመሪያው ቀን አብሮ ከመጣ ነው። ከተመዘገባችሁ በኋላ ብታመጡት አይቆጠርም። ሴትዮዋ ደግሞ ደግ ብትሆንም ደሞዝ የሚከፍላት ቢልደሩ ነው።

ቤቱ አልተሠራም። መሬቱ ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ የታሰረባቸው ችካሎች ብቻ ነበሩ። መነሻ ዋጋው 519,900 ነበር፤ የቦታው ተጨማሪ፣ የኩሽናው ድንጋይ፣ የወለሉ እንጨት፣ ከኋላ ያለው በረንዳ ሲደመርበት 560,000 ደረሰ። ርክክብ «ኖቬምበር ወይ ዲሴምበር» ተባለ። ቀብዱ 15,000 ነበር፤ እሱም የጋሼ የእቁብ ገንዘብ ነው። በእቁቡ የመጀመሪያው እጣ ወጥቶለት «እግዜር ለቤት ብሎ ነው» ብሎ ነበር።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እንምጣ።

የቢልደሩ አበዳሪ ሁለት ምርጫ ሰጠ። አንዱ ወለዱን ክፍት መተው ነው። ቤቱ ሊያልቅ 60 ቀን ሲቀረው የዚያን ጊዜ ገበያ ያለውን ይዛችሁ ትገባላችሁ። ሁለተኛው የረጅም ጊዜ መቆለፊያ ነበር፤ 4.875 በመቶ ላይ ለአንድ ዓመት ሎክ ይደረጋል፣ ለዚህ የብድሩ 1 በመቶ ይከፈላል። ብድሩ 532,000 ስለነበር 5,320 ዶላር ማለት ነው። ጋሼ ዞሮ አየኝ። «አንተ ቁጥር ታውቃለህ፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ «ጋሼ፣ ገበያው 4 ከምናምን ነው፣ ለምን በውድ ትቆልፋለህ? እስከ ዲሴምበር ይወርዳል» አልኩት። ከየት አመጣሁት? ከየትም። ለዓመታት ዝቅ ብሎ ስላየሁት ብቻ ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ እኮ ወለድ መጨመር የጀመረው በዚያው ሳምንት ነበር! ዜናው እጄ ላይ ነበር፤ አንብቤዋለሁ፤ አላየሁትም።

በኤፕሪል አጋማሽ 5 በመቶ ገባ። በጁን ፌዴራሉ በአንዴ 0.75 ጨመረ፣ በጁላይ ደገመ፣ በሴፕቴምበርና በኖቬምበርም ያንኑ አደረገ። ቤቱ ግን ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ያን ዓመት የጋራዥ በር እንኳ በመላው አሜሪካ የጠፋበት ጊዜ ነበር፤ መስኮትም እንደዚያው። እንጨቱ ቆመ፣ ነጭ ላስቲኩን ለበሰ፣ ከዚያ ለሳምንታት ሰው አልመጣበትም። ጋሼ ደንበኛ አድርሶ ሲመለስ በዚያ በኩል እየዞረ ፎቶ ይልክልኛል። ስልኬ ውስጥ የዚያ ቤት 43 ፎቶ አለ። አንዱም ላይ ጋራዥ በር የለም። ርክክቡ ወደ ጃንዋሪ 2023 ተገፋ።

ኦክቶበር 27፣ 2022፣ ሐሙስ፦ 7.08። ሬት የሚለው ቃል የአማርኛ ትርጉሙን ያገኘው ያን ቀን ነው።

ቁጥሩን በእጃችሁ ያዙት። 532,000 ዶላር ብድር በ4.5 በመቶ በወር 2,696 ዶላር ነው፤ እኛ በልባችን የያዝነው ይህን ነበር። በ7 በመቶ 3,539 ይሆናል። ልዩነቱ በየወሩ 843 ዶላር፣ ለ30 ዓመት። የንብረት ግብሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር መዋጮና ቅድሚያ ክፍያው 5 በመቶ ብቻ በመሆኑ የሚጨመረው የብድር መድን 910 ገደማ ነበሩ። የጋሼ የመኪና ዕዳ ደግሞ 520። ባንኩ የሁለቱን ገቢ በወር 9,200 አድርጎ ነው የያዘው። በመጀመሪያው ስሌት ዕዳቸው ከገቢያቸው 45 በመቶ አካባቢ ነበር። በኦክቶበሩ ስሌት 54 ሆነ። ለመደበኛ ብድር 50 ጣሪያ ነው። አለቀ። ማመልከቻው ወድቋል።

እዚህ ላይ 9,200 የምትለዋን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩልኝ፤ ብዙ የሀበሻ ሹፌር የሚሰናከለው እሷ ላይ ነው። የግል ሥራ ላለው ሰው ባንክ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የሁለት ዓመት ታክስ ወረቀት ነው። ኪሱ የገባውን ሳይሆን ከወጪ ቀሪ ብሎ ለመንግሥት የነገረውን ነው የሚቆጥረው። ሹፌር ደግሞ በነዳው ማይል ልክ ከገቢው ላይ ይቀንሳል፤ በ2022 ሁለተኛ አጋማሽ ለአንድ ማይል 62.5 ሳንቲም ነበር የሚፈቀደው። ባንኩ ከዚያ ላይ የመኪና እርጅና የሚባለውን ክፍል መልሶ ቢደምርም ገቢው ያንሳል። ይህ ሕጋዊ ነው፣ ጥቅሙም ታክስ ላይ ነው። ግን የጋሼ ሁለት ዓመት 2020 እና 2021 ነበሩ። 2020ን አስታውሱት፤ ኤርፖርቱ ባዶ፣ ጎዳናው ባዶ። የዚያን ዓመት ሰማንያ በመቶ ሶፋ ላይ ነው ያሳለፈው። ባንኩ ሁለቱን ዓመት ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል ኮቪድም ቤት ገዢ ሆኖ አብሮ ፈረመ ማለት ነው።

ቀብዱን መልሱልን አልን። ውሉ ላይ ብድር ካልተገኘ ቀብድ ይመለሳል የሚል አንቀጽ አለ፤ ግን ከፊርማው በኋላ ለ45 ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። 45ቱ ቀን በሜይ አልፏል። ቢልደሩ ለክሎዚንግ (ለግዢው ማጠናቀቂያ) ወጪ 5,000 ዶላር እረዳለሁ አለ፤ 54 በመቶን 50 የሚያደርግ ገንዘብ ግን አልነበረም። ስሙን አልጠራም፤ የተፈረመው ወረቀት ላይ ያለውን ነው ያደረገው፣ ደስ ባይለኝም። እኛ ብቻ ደግሞ አልነበርንም። ከአገሪቱ ትልቁ ቤት ሠሪ ዲ አር ሆርተን ሴፕቴምበር 2022 ላይ ባለቀው ሩብ ዓመት ከመቶ 32 ውል እንደፈረሰበት ሪፖርት አድርጓል።

እትዬ አላለቀሰችም። ኩሽና ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፣ ብዙ ሽንኩርት፣ ለሠርግ የሚበቃ። ጋሼ «እቁቡ ገና 14 ወር ይከፈላል» አለ። የሌለ ቤት ዕዳ።

ስለዚያ 5,320 ዶላር ብዙ አስቤበታለሁ። ተቆልፎ ቢሆን ወርሃዊው 2,815 ይሆን ነበር፣ ዕዳና ገቢያቸው 46 በመቶ ላይ ይቆም ነበር፣ ጃንዋሪ 2023 ላይ ይገቡ ነበር። ስለዚህ «ሳይሠራ መግዛት ስህተት ነው» የሚለኝ ሰው ሲመጣ አልስማማም። ስህተቱ ቤቱ ለዘጠኝ ወር እስኪሠራ ድረስ ወለዱን በራሳችን ትከሻ ላይ መሸከማችን ነው። ሬቱ ቢጨምር ቢልደሩ ዋጋውን አይቀንስም፤ ቢዘገይም እሱ ምንም አይሆንም፤ ሁሉም ነገር ዓመቱን ሙሉ እኛ ላይ ነበር የሚቆጥረው። ያንን ሸክም በ5,320 ዶላር ሊያወርዱልን ጠይቀውን ነበር፣ እኔ ነኝ «ግድ የለም፣ ተሸከሙት» ያልኩት።

2023 የዝምታ ዓመት ነበር። ኪራዩ ቀጠለ፣ ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ መጣላቱን ቀጠሉ። አንዳንድ ሰው የዚያን ዓመት ኪራይ ሁሉ ኪሳራ ብሎ ይደምረዋል። እኔ አልደምረውም። ገዝተው ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ አብዛኛው ወለድ ነበር፤ ያም የማይመለስ ነው።

ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጋሼ ገና 2022 ሳያልቅ አዲስ እቁብ ገብቶ ነበር፣ 20 ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ 1,000 ዶላር። የቀድሞው እያለ እንዴት ቻልከው አትሉም? ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሌሊት መንዳት ነው፤ እትዬም ተጨማሪ ፈረቃ። ይህኛው በየሁለት ሳምንቱ የሚጣል ስለነበር ቶሎ አለቀ፤ እሱ ደግሞ ዳኛውን ለምኖ እጣውን ለመጨረሻ አስተላለፈ። ምክንያት ነበረው። በ2022 ያ የ15,000 የእቁብ ገንዘብ ባንክ ሲገባ አበዳሪው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቀስፎ ይዞን ነበር። እቁብ ምን እንደሆነ ለአንድ አሜሪካዊ በኢሜይል አስረዱት እስቲ! ወለድ የለውም፣ ውል የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ግን ያ ሁሉ ሰው ገንዘቡን ያምንበታል። በመጨረሻ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት የስም ዝርዝርና የክፍያ ወረቀት አቅርበን ነው ያለፍነው። አበዳሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ነው። ከደሞዝ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ገንዘብ እዚያ ሁለት ወር ውስጥ ከታየ ምንጩን አስረዳ ይላል። ከዚያ በፊት የገባ ግን እንደ ቁጠባ ነው የሚታየው። ስለዚህ የዚህኛው እቁብ 20,000 ዶላር በኦገስት ባንክ ገባ፤ ለብድር ያመለከቱት በኖቬምበር።

የታክሱም ወረቀት ተቀየረ። ወደ ኋላ የሚቆጠሩት ሁለት ዓመታት አሁን 2021 እና 2022 ሆኑ። 2020 ከስሌቱ ወጣች። ጋሼ በ2023 ሌሊት የነዳው ሳይቆጠር፣ ቀን ስላለፈ ብቻ፣ ባንኩ ዘንድ ያለው ገቢው በወር ከ3,300 ወደ 4,600 ከፍ አለ። እትዬም ጭማሪ አግኝታ ነበር። በድምሩ 10,900። ስለ ቤት መግዣ ጊዜ የሚያወራ ሁሉ ስለ ገበያው ነው የሚያወራው። የእኛን ጉዳይ የለወጠው ግን አንድ አሮጌ ዓመት ከፋይሉ መውደቁ ነው።

ገበያውማ የባሰ ነበር። ኦክቶበር 26፣ 2023 ሐሙስ ዕለት 7.79 ገባ፤ ከ20 ዓመት በላይ ያልታየ ቁጥር። ካፌው ውስጥ ያ ዘፈን ተቀይሮ «ማን እብድ ነው አሁን የሚገዛ» ሆኗል። አንድ የሀበሻ ኤጀንት ጋ ሄድን፤ ይህን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን አብሮን እንዲሆን። ሰውየው ሳቀና «እናንተ ሬቱን ታያላችሁ፣ እኔ ያለቁ ቤቶችን ነው የምቆጥረው» አለን። ላፕቶፑን ዞር አደረገው። ዉድብሪጅ አካባቢ አልቀው ሰው ያልገባባቸው ታውን ሃውሶች ነበሩ፤ ገዢዎቻቸው ሬቱ ያባረራቸው።

ነገሩን እንዲህ አስረዳን። ያላለቀ ቤት ላይ ቢልደሩ ጊዜ አለው። ያለቀና ባዶ የቆመ ቤት ላይ ግን ግብር ይከፍላል፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ለሠራበት ገንዘብ ወለድ ይከፍላል፣ ክረምት ሲመጣ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ማሞቂያ ያበራል። በዚያ ላይ ትልልቆቹ በአክሲዮን ገበያ የሚሸጡ ኩባንያዎች ስለሆኑ የዓመት መዝጊያ አላቸው። የዲ አር ሆርተን ዓመት ሴፕቴምበር 30 ያልቃል፣ የቶል ብራዘርስ ኦክቶበር 31፣ የሌናር ኖቬምበር 30፣ የፑልቲና የኤን ቪ አር ዲሴምበር 31። የሚቆጠረው የተፈረመ ውል ሳይሆን የተዘጋ ሽያጭ ነው፤ ቁልፉ ለገዢ መሰጠት አለበት። ስለዚህ አልቆ የቆመ ቤት፣ መዝጊያው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ ብድሩ የተዘጋጀለት ገዢ በሩን ሲያንኳኳ፣ ሻዩን የሚያፈላው ቢልደሩ ነው።

በዲሴምበር 2፣ 2023 የፈረሙበት ቤት ከሴፕቴምበር ጀምሮ አልቆ የቆመ ነበር። የተለጠፈው ዋጋ 579,900። ኤጀንታችን አስቀድሞ አንድ ነገር ነግሮናል፦ ቢልደር ዋጋ መቀነስ አይወድም። አንዱን ቤት በርካሽ ከሸጠ ጎረቤቱን ቤት የሚገምተው ሰው ያንን ያያል፣ ቀድመው የገዙትም ይጮኻሉ። ወለድ ላይ ግን እጁ ይፈታል፤ ያ ለሕዝብ አይታይም። እንዳለውም ሆነ። ዋጋው 565,000 ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ ሽያጭ ክፍሉ «ሬቱን 5.75 ላይ እናስተካክልላችሁ» አለ፤ ለ30 ዓመቱ ሙሉ። ከክሎዚንግ ወጪውም የተወሰነውን ቻለ። በወሩ አጋማሽ የገበያው አማካይ 6.95 ነበር።

እዚህ ላይ እኔ እንደ ገና ካልኩሌተሬን አወጣሁ፣ ያን ጊዜ ግን በትህትና። ቅድሚያ ክፍያው 10 በመቶ ሆኗል፣ ብድሩ 508,500። በ6.95 ወርሃዊው 3,366 ነው፤ በ5.75 ደግሞ 2,967። ጋሼ «ለምን ሌላ 25 ሺህ ከዋጋው ላይ አይቀንሱልንም?» አለ፤ ሀበሻ ነውና ዋጋ ካልቀነሰ ያልተከራከረ ይመስለዋል። ሠራሁለት። 540,000 ቢሆንና ሬቱ 6.95 ላይ ቢቀር ወርሃዊው 3,217 ነው፤ ከ2,967 በ250 ዶላር ይበልጣል። በእርግጥ ሬቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ወርዶ ሪፋይናንስ የሚያደርግ፣ ማለትም ብድሩን በአዲስ ብድር የሚቀይር፣ ሰው ቢሆን የዋጋ ቅናሹ ይሻለዋል፤ የተገዛ ወለድ ብድሩ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል፣ የተቀነሰ ዋጋ ግን አይጠፋም። «ይወርዳል ትላለህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ተምሬያለሁ።

ማበረታቻው የሚሰጠው በቢልደሩ አበዳሪ በኩል ከተበደራችሁ ብቻ ነው። ሌላ ባንክ መውሰድ ትችላላችሁ፣ ማንም አያስገድድም፤ 5.75ቱ ግን ይቀራል። ለማንኛውም ከሁለት ሌላ ቦታ ዋጋ ጠየቅን፤ ማንም አልቀረበውም። 10 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ማስገባታችንም ጠቅሟል፤ ለመደበኛ ብድር ሻጩ ሊረዳ የሚችለው ከ10 በመቶ በታች ለሚያስገባ 3 በመቶ ነው፣ 10 ከሞላ 6 ይሆናል። ከቅድሚያ ክፍያው ውስጥ 5,000ው የእኔ ነው። «ስጦታ ነው፣ አይመለስም» የሚል ደብዳቤ ፈርሜ ለአበዳሪው ሰጠሁ። እትዬ ደብዳቤውን አንብባ «ስጦታ ሳይሆን ካሳ በለው» አለች።

የብርድ ወር ግዢ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ ቤት ነው ብለን ኢንስፔክተር አልተውንም፤ ከራሳችን 500 ዶላር ከፍለን ለአራት ሰዓት አስፈተሽነው። የተላቀቀ የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ፣ የማይዘጋ መስኮት፣ ውሃ ወደ ቤቱ የሚመልስ የጓሮ ተዳፋት አገኘ፤ ከርክክቡ በፊት ተሠሩ። አንድ ነገር ግን «አልፈትሽም» አለ፦ ኤርኮንዲሽነሩን። ውጭው ሲበርድ ማቀዝቀዣ ማስነሳት ማሽኑን ሊጎዳው ይችላል። በሜይ ሙቀቱ ሲመጣ ላይኛው ፎቅ ምጣድ ሆነ። ሊያየው መጥቶ ኮርኒስ ላይ የወጣው ሠራተኛ የአየር ቱቦው ተነቅሎ ለአምስት ወር ጣራውን ሲያሞቅ እንደከረመ አየ። የአንድ ዓመቱ ዋስትና ሸፈነው። ዓመቱ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው እንደገና ኢንስፔክተር አስገብተን 17 ነገር ጽፎ ሰጥተናቸዋል። ያን ማድረግ ያለበት ሰው ብዙ ነው፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት።

ሌላ ያልጠበቅነው የንብረት ግብሩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከወርሃዊ ክፍያው ጋር የሚቆረጠው ግብር የተሰላው ቤቱ ሳያልቅ በተገመተው ዋጋ ነበር። ካውንቲው ሙሉ ቤቱን ሲገምት ጉድለቱን ሙሉ የሚል ደብዳቤ መጣና ወርሃዊው በ190 ዶላር ጨመረ። አዲስ ቤት የምትገዙ ሁሉ ይህን ደብዳቤ ከአሁኑ ጠብቁት።

ክሎዚንጉ ዲሴምበር 28፣ 2023 ነበር። ሐሙስ። ቢልደሩ ዓመቱን ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ወረቀቱን ፈርመን ሳንጨርስ ጋሼ በጠረጴዛው ሥር ስልኩን ከፈተ። 6.61። በሁለት ወር ውስጥ ከአንድ በመቶ በላይ ወርዷል። ፊቱ ሲቀየር አየሁት። እስክሪብቶውን ይዞ «ትንሽ ብንጠብቅስ?» አለኝ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ። እትዬ ቀና ሳትል «ፈርም» አለች። ፈረመ። ለገና ዶሮው የተሠራው እዚያ ቤት ነው፣ ወንበር ስላልነበረ ካርቶን ላይ ተቀምጠን።

ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ አማካዩ 6.08 ደረሰ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ነበር። ያም ቢሆን ከ5.75 በላይ ነው። ካፌ ውስጥ «ቆይ ይውረድ» ያሉት ሁለት ጓደኞቹ ያን ጊዜ ገና ተከራይተው ነበር። ጋሼ በዚህ አይኩራራም፤ የጠፋው ቀብድ ትዝ ይለዋል። አልፎ አልፎ በመጀመሪያው ቤት በኩል ያልፋል። ጋራዥ በር ገብቶለታል። ነጭ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ግን አሁንም ስልኩን ይከፍታል። ዛሬም ሐሙስ ነው፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ ስጽፍ እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ አየና አንገቱን ነቀነቀ። እትዬ ከኩሽና፣ መዳፏን እዚያ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ፣ «ስንት ገባ?» አለችው።

«ከእኛ በላይ ነው።»

«እንግዲያው ስልኩን አስቀምጥና ሲኒዎቹን አምጣ።»